ከተመላላሽ ሠራተኛችን ምን መጠበቅ ይገባናል?

(የማኅበራችን የሽምግልና ኮሚቴ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጥቂት እንድንናገር ስለፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን።

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የቤት ጽዳት ነው። ለስብሰባ የማይበቃ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ሠራተኛ የምትቀጥርም፣ ሰው ቤት ተመላልሳ የምትሠራም፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችም አለች። አንዳንዶቻችን በየጊዜው ሦስቱንም ሆነናል። ስለዚህ ስንናገር "እነሱ" የምንላቸው ሰዎች የሉንም።

ነገሩ የተነሣው ከሁለት ወር በፊት ሁለት አባሎቻችን ሲጣሉ ነው። አንደኛዋ ቀጣሪ፣ ሌላዋ ተቀጣሪ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ እቁብ ይጥላሉ። ስማቸውን አንጠራም። ሁለቱም ይህን ንግግር አስቀድመው ሰምተው "ይነገር" ብለዋል።

ቀጣሪዋ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ የቢሮ ሠራተኛ ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ትመለሳለች። ተቀጣሪዋ በሳምንት ስድስት ቀን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 10 ሰዓት እየተመላለሰች ትሠራላት ነበር። ከጊዜ በኋላ ቀጣሪዋ "ሥራ አትጨርስም፤ ወጥ ቤቱ ቅባት እንደያዘ ነው፤ የተተኮሰ ልብስ አላገኝም" ማለት ጀመረች። በዚህ ላይ ሠራተኛዋ ሁለት ቀን ሳትደውል ቀረች። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ በሩ ላይ "በቃ፣ አትምጪ" ተባለች። የሠራችበት የ17 ቀን ደመወዝም አልተከፈላትም። የእቁቡ ቀን ሲደርስ መጣል አቃታት፤ የእቁቡ ጸሐፊ ስትጠይቃት አለቀሰች፤ ጉዳዩም ወደ እኛ መጣ።

እኛ እንደ ልማዳችን ሁለቱንም ጠርተን፣ ቡና አፍልተን፣ "ይቅር ተባባሉ" አልን። ለቀጣሪዋም "ግማሹን ክፈያት" ብለን ፈረድን። ሦስታችንም ሠራተኛ ቀጣሪዎች ስለሆንን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልባችን ወደ ቀጣሪዋ ያደላ ነበር። "ሥራ አትጨርስም" የሚለው ቃል በየቤታችን የምንለው ቃል ነውና ሳንመረምር ተቀበልነው። ሠራተኛዋ ግን "ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ እቁቡን በምን ልጣል?" አለችን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሳምንት ቀጣሪዋን አንድ ነገር ጠየቅናት። "የምታሠሪያትን ሥራ ዝርዝር ንገሪንና ቅዳሜ መጥተን እኛው እንሥራው" አልናት። ፈቀደችልን፤ ስለዚህም እናመሰግናታለን።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ውኃው በፈረቃ ነው፤ በመጣም ጊዜ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ሥራውን ሦስት ሆነን ተከፋፈልንና እያንዳንዷ የፈጀባትን ጊዜ ጻፈች። ከታች ውኃ ማውጣት 45 ደቂቃ ፈጀ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ እንደሚመዝን አትርሱ፤ ስድስት ጀሪካን ነው ያወጣነው። ወጥ ቤቱ ከእቃ አጠባው ጋር 100 ደቂቃ፣ መታጠቢያ ቤቱ 50፣ ሳሎኑ 60፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች 80፣ በረንዳውና መስኮቶቹ 55 ደቂቃ ወሰዱ። ልብስ በእጅ ማጠብ 170፣ መተኮስ 90 ደቂቃ። ስንደምረው 650 ደቂቃ ሆነ። ይህ ወደ 11 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው። ያቺ እህታችን ይህን ሁሉ በሰባት ሰዓት ተኩል፣ ምሳዋንም በዚያው ውስጥ በልታ፣ እንድትጨርስ ነበር የሚጠበቅባት። በዚያ ላይ በ9 ሰዓት ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት ታመጣለች።

ቀጣሪዋ ቁጥሩን አይታ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "እኔ እኮ ቆጥሬው አላውቅም" አለች። እኛም ቆጥረነው አናውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ ወገባችንን ይዘን ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የገዛ ሠራተኛችንን አስበን ነበር። ከሦስታችን አንዷ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታለች። የዚያ ቤት ማዳም በየቀኑ ጣቷን በበሩ መቃን አናት ላይ እየሳበች አቧራ ትፈልግ እንደነበር ነገረችን። ቀጥላም "እኔም ባለፈው ሳምንት ፍሪጁ አናት ላይ ጣቴን ስስብ ራሴን ያዝኩት" አለች።

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚያ ቅዳሜ የወጣ ነው።

አንደኛ፣ የሥራውን ዝርዝር ከሰዓቱ ጋር እናስተያይ። ብዙዎቻችን "ቤት ታጸጃለሽ" ብለን እንቀጥርና ልብስ አጠባውን፣ ተኩሱን፣ ሊጡን፣ እንጀራውን፣ የልጁን ጥበቃ አንድ በአንድ እንጨምራለን። ሠራተኛዋም እንቢ ብትል እንዳትባረር ፈርታ እሺ ትላለች። ከዚያ ሁሉም ሥራ በግማሽ ይሠራል፤ እኛም ሰነፍ እንላታለን። የምንከፍለው ለሰባት ሰዓት ከሆነ የምንጠብቀው የሰባት ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ካለ ወይ ቀን እንጨምር፣ ወይ ከዝርዝሩ እንቀንስ። ሁለት ሰው የመቅጠር አቅም የሌለን ብዙ ነን፤ ይህ አያሳፍርም። ግን አቅማችን ማነሱን የምትሸከመው እሷ ብቻ መሆን የለባትም። ሰኞ ልብስ፣ ማክሰኞ ተኩስና መኝታ ቤት፣ ረቡዕ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት እያልን ብንከፋፍለው ሥራው ይያዛል።

ሁለተኛ፣ የዘወትር ጽዳትና ትልቅ ጽዳት ይለያያሉ። በዘወትር ጽዳት ወለሉ ተጠርጎና ተወልውሎ፣ አቧራው ተራግፎ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ እቃው ታጥቦ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሽታ ሳይኖረው፣ ቆሻሻው ወጥቶ እንዲጠብቀን መጠበቅ መብታችን ነው። ይህ ካልሆነ ተገቢ ቅሬታ ነው። መጋረጃ አውርዶ ማጠብ፣ ምንጣፍ ማራገፍ፣ ፍሪጅ ፈቶ ማጽዳት፣ የሸረሪት ድር ከኮርኒስ ማውረድ፣ ቁም ሳጥን ገፍቶ ኋላውን መጥረግ ግን ራሱን የቻለ የአንድና የሁለት ቀን ሥራ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ስንፈልገው አስቀድመን እንንገራት፤ የዘወትሩን ሥራ ያን ቀን እንተውላት ወይም ለብቻው እንክፈላት። ለዓመታት የጠቆረ የሴራሚክ መጋጠሚያም በአንድ ቀን ፍቅፈቃ እንደማይነጣ እኛ ራሳችን ፍቀን አይተነዋል።

ሦስተኛ፣ የምንፈልገውን እናሳያት። "በደንብ አጽጂው" የሚባል ትእዛዝ ለሰሚው ምንም አይነግርም። የእኔ ደንብና የአንቺ ደንብ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን አብረናት እንዋል። ይህ ጨርቅ ለመስታወት፣ ይህ ለሽንት ቤት፣ ይህ መጥበሻ በሽቦ አይታሽም፣ ይህ ልብስ ለብቻው ይታጠባል እንበላት። የተጣሉት እህቶቻችን ቤት አንድ የማይያዝ መጥበሻ በሽቦ ታሽቶ ተበላሽቷል፤ ቀጣሪዋ በጣም ተናዳለች። ስንጠይቃት ግን "አይታሽም" ብላ ነግራት አታውቅም። ሠራተኛዋ ያደገችበት ቤት ብረት ድስት በአመድ የሚታሽበት ቤት ነው። አበው ሲተርቱ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይላሉ።

አራተኛ፣ የጽዳት እቃ የምናቀርበው እኛ ነን፤ ደኅንነቷም ለእኛ አደራ ነው። እጀታው በተሰበረ መወልወያና ባለቀ ሳሙና የጸዳ ቤት መጠበቅ አይቻልም። ጓንት እንግዛላት፤ በረኪና እጅ ይልጣል። ይህንን ደግሞ ሁላችሁም እቤት ሄዳችሁ ንገሩ፦ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ፈጽሞ አይቀላቀሉም። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብና መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። "ሁለቱን ብቀላቅል የበለጠ ያጸዳል" ብላ የምታስብ ሠራተኛ ጥፋተኛ አይደለችም፤ ጠርሙሱን ገዝተን ሳንነግራት የሄድነው እኛ ነን። የፎቅ መስኮት በውጭ በኩል ቆማ እንድትወለውልም አንጠይቃት። የመስታወት ጥራት ለነፍስ አያሳስብም።

አምስተኛ፣ ስለሚሰበር እቃ። ብዙ እቃ የምታጥብ እጅ አልፎ አልፎ ይሰብራል፤ እኛም እንሰብራለን። ከእሷ መጠበቅ ያለብን ስትሰብር እንድትነግረን ነው። የሰበረችውን ከደመወዟ የምንቆርጥባት ከሆነ ግን ስብርባሪውን እንድትደብቅ እያስተማርናት ነው። ውድ የሆነና ከእናት የወረስነው እቃ ካለ ራሳችን እናጽዳው ወይም ከመንገዷ እናንሣው።

ስድስተኛ፣ ስለ መተማመን። ቤታችንንና ልጆቻችንን ትተንላት ስንወጣ ታማኝነት መጠበቃችን ልክ ነው። የቤታችንን ጓዳ ወሬ ጎረቤት እንዳታደርስ መጠበቅም ልክ ነው፤ እኛም የእሷን ድህነት ለቡና ወሬ ማድረግ የለብንም። የመታወቂያዋን ኮፒ መያዝ፣ የሚያውቃት ተያዥ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዋናውን መታወቂያ መያዝ ግን አይገባም። ከመካከላችን ማዳም ፓስፖርቷን የቆለፈችባት ሴት ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም። ለመፈተን ብሎ ገንዘብ ትራስ ሥር ጥሎ መሄድም ይቅርብን። እቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ቤታችንን እንፈልግ፤ ከዚያ ለብቻዋ፣ ድምፃችንን ሳናሰማ እንጠይቃት። ጎረቤት ፊት ቦርሳዋ የተፈተሸ ሴት እቃው ቢገኝ እንኳ ስሟ በሰፈሩ አይመለስላትም፤ ሌላ ሥራም አታገኝበትም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር እናንሣ። ሠራተኛዋ ከቤታችን ወንዶች ስለ አንዱ፣ ባላችንም ይሁን ወንድማችን ወይም ልጃችን፣ "አስቸገረኝ" ብላ ከነገረችን የመጀመሪያው ቃላችን "ምን ለብሰሽ ነበር" እንዳይሆን። በዚህ ማኅበር ውስጥ በልጅነታቸው ሰው ቤት ሠርተው ይህን ለማንም ሳይናገሩ የኖሩ እናቶች አሉ። ቤታችን እንዲጸዳ ከፈለግን፣ የምታጸዳው ሴት ሳትፈራ የምትገባበት ቤት ይሁን።

ሰባተኛ፣ ስለ ክፍያና ስለ ቀን። ደመወዝ በቀኑ ይከፈል። የሠራችበት ቀን ደመወዝ፣ ተጣልተንም ቢሆን፣ የእሷ ነው፤ ለቅጣት የምንይዘው አይደለም። በወር ስንቀጥር የጳጉሜን ቀናት እንዴት እንደሚታሰቡ ከመጀመሪያው እንነጋገር፤ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲመጣ በዚህ የማይከራከር ቤት ጥቂት ነው። አገር ቤት ስንሄድ ወይም እንግዳ ሲኖረን "ነገ አትምጪ" ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን ለእኛ ብላ ለሌላ ሰው ሳትሰጥ ይዛዋለች። አስቀድመን ካልነገርናት ቀኑ ሊከፈላት ይገባል። ምሳም እንዲሁ ነው። ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት የምትሠራ ሴት ቁጭ ብላ የምትበላበት ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ካደረ ምግብ የተረፈውን ብቻ መስጠትም ነውር ነው። የእሑድ ቅዳሴዋን ወይም የጁምዓ ሶላቷንም ስንቀጥራት እንወቅላት።

ስምንተኛ፣ እኛ ከእሷ የምንጠብቀው። ተቀጣሪ እህቶቻችን ይህን እንደ ነቀፋ እንዳትወስዱብን። በሰዓት መምጣት። መቅረት ግድ ሲሆን በማለዳ መደወል ወይም ሰው መላክ። ያቺ እህታችን ሁለት ቀን የቀረችው ልጇ ታሞ ነበር፤ ስልኳ ላይ ካርድ አልነበራትም። ምክንያቷ እውነት ነው። ነገር ግን ቀጣሪዋም ልጅ የሚያመጣላት አጥታ ከቢሮ ቀርታለች፤ በቢሮዋም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። የሁለቱም ልጅ ልጅ ነው። ከጎረቤት ስልክ አንድ ጥሪ ቢደወል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ሥራው ከሰዓቱ በላይ ሲሆንም ዝም ብሎ ከመተው "እትዬ፣ ይህ ለዛሬ አይደርስም፤ የትኛውን ላስቀድም?" ብሎ መጠየቅ። ሥራ ስትለቁም ቢያንስ ሰው እስክናገኝ ጥቂት ቀን መስጠት። እኛም ስናሰናብት እንዲሁ እንስጥ።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል፤ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናልና። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የግለሰብ ቤት ሠራተኛ ግን በአዋጁ ውስጥ አትካተትም፤ የእሷ ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ነው አዋጁ የተወው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛን በሚመለከት፣ በመኖሪያዋ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋና ክብሯ እንዲጠበቅ አሠሪው ተገቢውን እንዲያደርግ ያዛል። በዓለም ደረጃም የዓለም ሥራ ድርጅት በሰኔ 2003 ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል። ተመላልሳ ለምትሠራ እህታችን ግን ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ የሚያስከብርላት፣ ከእኛ ጋር የተነጋገረችው ቃል ነው። ቃሉን ግልጽ ማድረግ የኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ባለ አንድ ገጽ የስምምነት ወረቀት አዘጋጅቷል። የሥራው ዝርዝር በየቀኑ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የደመወዝ ቀን፣ የዕረፍት ቀን፣ መቅረት ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ፣ ከመሰናበት በፊት የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚሰጥ፣ ለትልቅ ጽዳት ስንት እንደሚከፈል ይጻፍበታል። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለእሷ ነው። ማንበብ ለማትችል እህት ጸሐፊያችን ጮክ ብላ ታነብላታለች። ወረቀቱ ከእቁብ መዝገቡ አጠገብ አለ፤ ስትወጡ ውሰዱ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አንድ ቅዳሜ ሰዓት ይዛችሁ ቤታችሁን ራሳችሁ አጽዱት። ልጆቻችሁንም፣ ከቻላችሁ ባሎቻችሁንም፣ አሠማሩ። ዝርዝሩን የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ይሁን።

የተጣሉት እህቶቻችን ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ ልትሰሙ ትፈልጋላችሁ። የ17 ቀኑ ደመወዝ በሁለት ጊዜ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፤ የእቁቡም ውዝፍ ተጥሏል። እኛም ግማሽ ብለን መፍረዳችን ስሕተት እንደነበር ለእህታችን ነግረን ይቅርታ ጠይቀናታል። እሷም ሳትደውል ስለቀረችበት ቀን ለቀጣሪዋ ይቅርታ ብላለች። ወደዚያ ቤት ግን አልተመለሰችም፤ አሁን ሁለት ቤት፣ በሳምንት ሦስት ሦስት ቀን ትሠራለች። ቀጣሪዋም ሌላ ሠራተኛ ቀጥራለች፤ የልብሱን ተኩስ እሑድ ማታ ራሷ ከትልቋ ልጇ ጋር ትሠራለች። ሁለቱም ዛሬ እዚህ አሉ። ገና ጎን ለጎን አልተቀመጡም፤ እኛም አልጎተጎትናቸውም።

ጥያቄና አስተያየት ካላችሁ ቡናው ሲቀዳ እንሰማለን። በተለይ ተመላልሳችሁ የምትሠሩ እህቶች፣ በወረቀቱ ላይ የረሳነው ነገር ካለ ዛሬውኑ ንገሩን፤ ለሚቀጥለው ወር አስተካክለን እናቀርባለን።